የቲሙን ከገበታችሁ አስቀምጡት

ቢስሚላሂር ረሕማኒር ረሒም

ምስጋና ሁሉ ለአላህ ነው። ሰላትና ሰላም የቲም ሆነው ባደጉት በነብያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በሶሓቦቻቸው ላይ ይሁን።

ውድ ወንድሞችና እህቶች፦

በከተሞቻችን ስለ የቲም ማውራት የተለመደ ነገር ሆኗል። ረመዷን ሲገባ ባነር ይሰቀላል። ልጆች በሰልፍ ይቆማሉ። ለእያንዳንዳቸው አንድ ፌስታል ይታደላል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ከተራዊሕ በፊት ገጽ ላይ ይወጣል። ከሥሩ «ማሻአላህ» እና «ጀዛኩሙላሁ ኸይረን» ይጎርፋል። ዒድ ካለፈ በኋላ ያ ልጅ የት እንዳደረ፣ እናቱ የቤት ኪራይ ከፍላ እንደሆነ፣ አባቱ ጥሎለት የሄደው ሱቅ በማን እጅ እንዳለ የሚጠይቅ ግን በጣት ይቆጠራል።

እኛ መስጂድ ውስጥ የምናገለግል ሰዎች ነን። ጀናዛ ሲሰገድ፣ ተዕዚያ ሲቀመጡ፣ ለሽምግልና ስንጠራ ከየቤቱ ጓዳ የሚወጣውን ነገር እንሰማለን። ከዚያ ተነስተን የደረስንበት አቋም ግልጽ ነው፦ የቲም ከኛ የሚፈልገው ሐዘኔታ አይደለም፤ መብት አለው። መብቱም ሦስት ነው። ቤት፣ ገንዘቡና ስሙ። እነዚህን ሦስቱን ሳያስከብር በየቲም ስም የሚደረግ ዝግጅት ሁሉ፣ ባነሩ የቱንም ያህል ቢያምር፣ የልጁን ሐቅ አላደረሰም።

ነገሩን አንድ በአንድ እንየው።

የቲም ማን ነው?

በፊቅህ ኪታቦቻችን የቲም የሚባለው ለአቅመ አዳም ወይም ለአቅመ ሔዋን ሳይደርስ አባቱ የሞተበት ልጅ ነው። ይህን ማንኛውም ደረሳ ያውቀዋል። ነገር ግን በዚህ ትርጉም ውስጥ የተቀመጠውን አንድ ነገር ልብ እንበል፦ አብዛኛው የቲም እናት አለው።

እናቱ አለች። ልጇን ትወደዋለች። የቸገራት ኪራይ፣ የቸገራት የትምህርት ቤት ክፍያ፣ የቸገራት ልጁ ሲታመም የሚገዛ መድኃኒት ነው። እንጀራ ጋግራ ትሸጣለች፤ አልሞላ ሲላት የሰው ልብስ ታጥባለች። ይኼኔ አንድ መልካም ሰው ይመጣና «ልጁን ማሳደጊያ እናስገባልሽ» ይላታል። ለኪራይዋ የማይገኘው ገንዘብ ልጁን ከእርሷ ለይቶ ለማኖር ግን ይገኛል። ለግቢ፣ ለአጥር፣ ለዘበኛ፣ ለሞግዚት፣ ለወጥ ቤት ሠራተኛ፣ ለቢሮና ለመኪና ይገኛል። አባቱን ሞት ወሰደበት፤ እናቱን ደግሞ በጎ አድራጊ ወሰደበት።

ይህ የኛ ብቻ ችግር አይደለም። በዓለም ዙሪያ በማሳደጊያ ከሚኖሩ ሕፃናት አብዛኞቹ ቢያንስ አንድ ወላጃቸው በሕይወት እንዳለ በዘርፉ የሚሠሩ ድርጅቶች ደጋግመው ተናግረዋል። ልጆቹን ወደ ማሳደጊያ የሚነዳው ዋናው ነገር ድህነት ነው። ድህነት ደግሞ ልጅን ከእናቱ ጉያ በማውጣት አይታከምም።

ሕንፃ ልጅ አያሳድግም

በሩማንያ ዋና ከተማ በቡካሬስት እ.ኤ.አ. በ2000 የተጀመረ አንድ ጥናት አለ። ተመራማሪዎቹ በማሳደጊያ ውስጥ የነበሩ 136 ሕፃናትን ያዙ። ግማሾቹ በዕጣ ተለይተው ልጅ ወደሚያሳድጉ ቤተሰቦች ገቡ፤ የቀሩት እንደ ወትሮው ቀጠሉ። ዓመታት ሲያልፉ ቤተሰብ ዘንድ የገቡት በአእምሮ እድገትም ከሰው ጋር በመላመድም ከቀሩት የተሻሉ ሆነው ተገኙ። ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው ወደ ቤት የገቡት ደግሞ ይበልጥ ተጠቀሙ። ሕፃን ከምግብና ከአልጋ በላይ የሚፈልገው ነገር አለ። ሌሊት ሲያለቅስ ሁልጊዜ የምትመጣ አንዲት የምትታወቅ ሴት ይፈልጋል። በፈረቃ የሚቀያየሩ ሞግዚቶች የቱንም ያህል ደግ ቢሆኑ ይህን መስጠት አይችሉም።

የሀገራችን መንግሥትም ይህንኑ ተቀብሏል። በ2001 ዓ.ም የወጣው የአማራጭ የሕፃናት እንክብካቤ መመሪያ በማኅበረሰብ ውስጥ መርዳትን፣ ከቤተሰብ ጋር መልሶ ማቀላቀልን፣ በአደራ ቤተሰብ ማሳደግንና የሀገር ውስጥ ጉዲፈቻን ዘርዝሮ፣ ማሳደጊያን የመጨረሻ አማራጭ አድርጎ ነው ያስቀመጠው።

ታዲያ አንድ ሙስሊም ይህን ለማወቅ ቡካሬስት መሄድ ነበረበት? ወላሂ አልነበረበትም። ሱረቱል በቀራ 220ኛዋን አንቀጽ ተፍሲር የቀራ ሰው ታሪኩን ያውቀዋል። የየቲምን ገንዘብ ስለ መብላት ከባድ ማስጠንቀቂያ ሲወርድ ሶሓቦች በጣም ደነገጡ። የየቲሞቹን ምግብ ከራሳቸው ምግብ ለዩ፣ መጠጡን ለዩ። የተረፈው ምግብ እስኪበላሽ ድረስ ተቀምጦ ይውል ነበር። ነገሩ ሲከብዳቸው ነብዩን (ሰ.ዐ.ወ) ጠየቁ። የወረደው መልስ መቀላቀልን የፈቀደ ነው፤ ብትቀላቀሏቸው ወንድሞቻችሁ ናቸው የሚል መልእክት ያለው ነው። የሚያበላሸውን ከሚያበጀው አላህ ለይቶ እንደሚያውቅም አስጠንቅቋል።

እንግዲህ አስቡት። ሶሓቦች በጥንቃቄ ብለው የለዩትን ትሪ አላህ እንዲቀላቅሉት ከፈቀደ፣ እኛ በአጥርና በዘበኛ የለየነው የማን ሱንና ነው?

ከነብዩ ቤት እንማር

ሐበሻ የሚለው ስም በዚህ ጉዳይ ውስጥ አለበት። ጃዕፈር ኢብኑ አቢ ጧሊብ (ረ.ዐ) ወደ ሀገራችን የተሰደዱት ሙስሊሞች ቃል አቀባይ ነበሩ። ልጃቸው ዐብደላህ የተወለደው በሐበሻ ምድር ነው። ጃዕፈር በ8ኛው ዓመተ ሒጅራ በሙእታ ዘመቻ ሸሂድ ሲሆኑ ልጆቻቸው የቲም ሆኑ። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ምን አደረጉ? ወደ ልጆቹ ቤት ሄዱ። ልጆቹን አስጠርተው አቀፏቸው፣ ዓይናቸውም እንባ አቀረረ። ለቤተሰቡ ምግብ እንዲሠራ አዘዙ። እናታቸው አስማእ ቢንት ዑመይስ የልጆቹን የቲምነት ስታነሳባቸው፣ እርሳቸው በዱንያም በአኺራም ወሊያቸው ሆነው ሳለ ለልጆቹ ድህነትን ትፈራለች ወይ ብለው አጽናኗት። ልጆቹ ከእናታቸው አልተለዩም። ነብዩ ከደጇ ሄደው ነው ኃላፊነቱን የወሰዱት።

ሌላም አለ። ስንበላ ቢስሚላህ እንድንል፣ በቀኝ እጃችን እንድንበላ፣ ከፊት ለፊታችን እንድንበላ የሚያስተምረውን ሐዲስ በመድረሳ ያልሐፈዘ ልጅ የለም። ግን የተነገረው ለማን ነበር? ለዑመር ኢብኑ አቢ ሰለማ ነበር። አባቱ አቡ ሰለማ ከኡሑድ ቁስሉ በኋላ የሞተ፣ እናቱ ኡሙ ሰለማ ነብዩን (ሰ.ዐ.ወ) ያገባች የቲም ነው። ሁለቱም ወላጆቹ ወደ ሐበሻ ከተሰደዱት መካከል ነበሩ። ሐዲሱ ራሱ እንደሚነግረን ልጁ ከነብዩ ጋር ከአንድ ትሪ እየበላ፣ እጁ ወዲያና ወዲህ ሲል ነው ያረሙት። ልጅ ከቤት ልጅ እኩል ሲቀርብ ነው እንዲህ የሚታረመው። ሥነ ምግባር በትሪ ዙሪያ እንጂ በሰልፍ አይማሩትም።

በቡኻሪ የተዘገበውን የሁለቱን ጣቶች ሐዲስ ሁላችንም እናውቀዋለን። የየቲም ከፋይ፣ ማለትም ኃላፊነቱን የተሸከመ ሰው፣ በጀነት ከነብዩ ጋር እንዲያ ቅርብ ነው። ቃሉ ከፋላ ነው። ከፋላ በዓመት አንድ ጊዜ ፌስታል ማቀበል አይደለም። ልጁ እስኪጎረምስ መሸከም ነው።

የተዘጋ በርና ያልተከፈተ በር

ከዓመታት በፊት የሀገራችን ልጆች በብዛት በጉዲፈቻ ወደ ውጭ ይሄዱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2010 ወደ አሜሪካ ብቻ ከ2,500 በላይ የኢትዮጵያ ሕፃናት ሄደዋል። ከሄዱት መካከል ወላጅ ያላቸው ልጆች እንደነበሩ፣ ልጁ ተምሮ ይመለሳል ብለው የፈረሙ ወላጆችም እንዳሉ በኋላ ወጣ። ብዙዎች ስማቸውን፣ ቋንቋቸውንና ሃይማኖታቸውን በዚያው አጡ። በ2010 ዓ.ም የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የቤተሰብ ሕጉን አሻሽሎ የውጭ ጉዲፈቻን ከለከለ።

ያኔ በየጀማዓው «ልጆቻችንን እየወሰዷቸው ነው» ይባል ነበር። ትክክል ነው፤ ያሳዝናል። ሕጉ ሲወጣም ብዙ ሰው ተደሰተ። እኛ የምንጠይቀው ግን ይህ ነው፦ የውጭው በር ከተዘጋ በኋላ የየቤቱ በር ተከፈተ ወይ? አንድን ልጅ ባዕድ ወሰደው ብሎ መቆጣት ቀላል ነው። ያንኑ ልጅ ለመቀበል አንድ ፍራሽ ማንጠፍ ግን ይከብዳል። በልጁ ላይ የመቆጣት መብት ያለው ቤቱን የከፈተለት ሰው ነው።

ወይዘሮ አበበች ጎበና እ.ኤ.አ. በ1980 ለንግሥ ወደ ግሸን ማርያም ሄደው ወሎ በረሀብ ውስጥ አገኟት። ሲመለሱ ሁለት ሕፃናት ይዘው ወደ ቤታቸው ገቡ። ልጆቹ በአንድ ዓመት ውስጥ ከ20 በላይ ሆኑ። በዚህ ምክንያት ከትዳራቸው እስከ መለየት ደረሱ እንጂ ልጆቹን አልተዉም። እ.ኤ.አ. በ2021 ሲሞቱ መላ ሀገር «እናታችን» ብሎ ሸኛቸው። ክርስቲያን ነበሩ። ታሪካቸው ሕፃኑን አንስቶ ወደ ቤት ከመውሰድ ነው የጀመረው። የሁለቱ ጣቶች ሐዲስ ያለን ሰዎች ከዚህ ማነስ አለብን?

ያጎት እጅ

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንግባ። የቲም ድሃ ሆኖ አይወለድም፤ ብዙ ጊዜ ድሃ ይደረጋል።

አባት ይሞታል። ሱቅ አለው፣ ቤት አለው፣ ሰው ላይ ያለ ብድር አለው። ለቅሶው ሳይበርድ አጎት ይመጣና «እኔ እያለሁ የወንድሜ ልጆች አይቸገሩም» ይላል። ሰው ሁሉ ይመርቀዋል። ከዚያ እናትየዋ ውክልና ትፈርማለች፤ የፈረመችውን አላነበበችውም። የንግድ ፈቃዱ ስም ይዛወራል። የቤቱ ካርታ ይቀየራል። ከሦስት ዓመት በኋላ ልጆቹ ከአባታቸው ሱቅ ደጅ ቆመው ደብተር መግዣ ይለምናሉ። አጎትየው ደግሞ በመስጂዱ የመጀመሪያ ሰፍ ላይ ይሰግዳል። ለመስጂድ ማስፋፊያም ቀድሞ የሚያዋጣው እርሱ ነው።

ወንድማችን ሆይ፣ የመዲና መስጂድ ታሪክ ይህን ሰው ይመለከተዋል። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) መዲና ሲገቡ መስጂዳቸው የተሠራበት ቦታ የሁለት የቲም ወንድማማቾች፣ የሰህልና የሱሀይል ነበር። በአስዐድ ኢብኑ ዙራራ ጥበቃ ሥር ነበሩ። ነብዩ ዋጋውን ጠየቁ። ልጆቹ በነፃ እንሰጣለን አሉ። ነብዩ በነፃ መቀበልን እምቢ አሉ፤ ከፍለው ገዙት። ልብ በሉ፣ ቦታው የተፈለገው ለአላህ ቤት ነው። ጠያቂው የአላህ መልእክተኛ ናቸው። ሰጪዎቹም በፈቃዳቸው ሰጥተዋል። እንደዚያም ሆኖ የየቲም መሬት ያለ ዋጋ አልተነካም። ለመስጂድ ያልተፈቀደ ለአጎት ሱቅ ከየት መጣ?

ሱረቱ ኒሳእ በዚህ ላይ ሰፊ ሕግ አላት። 6ኛዋ አንቀጽ የቲሞች እስኪደርሱ እንድንፈትናቸው፣ ብስለታቸው ሲታይ ገንዘባቸውን እንድናስረክብ፣ ስናስረክብም ምስክር እንድናቆም ታዛለች። ሀብታም የሆነ አሳዳጊ እጁን እንዲሰበስብ፣ ድሃ ከሆነም በአግባቡ ብቻ እንዲበላ ትለያለች። 10ኛዋ ደግሞ በግፍ የሚበላው ሰው በሆዱ የሚከተው እሳት እንደሆነ ትነግረናለች። ምስክር የተባለው ሒሳብ መያዝ ማለት ነው። ወረቀት ማለት ነው። «በመካከላችን እምነት አለ» የሚለው ንግግር ከአንቀጹ አይበልጥም።

አንድ ሌላ ጉዳይም አለ። አባት ከአያት ቀድሞ ከሞተ፣ አያትየው ሲሞቱ በሕይወት ያሉት አጎቶች የልጅ ልጆቹን ከውርስ ይጋርዷቸዋል። ይህ በፈራኢድ የታወቀ ነው። ነገር ግን ሸሪዓ ሌላ በር ትቷል። አያት በሕይወት እያሉ እስከ ሲሶ ድረስ ለነዚያ የቲሞች ወሲያ ማድረግ ይችላሉ። ግብፅ እ.ኤ.አ. በ1946 ባወጣችው ሕግ እንዲህ ያለውን ወሲያ አስገዳጅ አድርጋዋለች። እናንተ ወጣቶች፣ አያቶቻችሁን አሁን በሕይወት እያሉ አናግሯቸው። «አባባ፣ ለእነ እገሌ ጻፉላቸው» በሉ። ከሞቱ በኋላ ወንድም ከወንድም የሚካሰስበት ነገር በአንድ ወረቀት ይዘጋል።

የተጣለው ልጅስ?

ከሁሉ የሚያመው ይህ ነው። አባቱ የሞተበት ልጅ ቢያንስ «የቲም» የሚል ክብር ያለው ስም አለው። በጨርቅ ተጠቅልሎ በር ላይ የተገኘው ሕፃን ግን ስሙ ሌላ ነው። ሰፈሩ «ዲቃላ» ይለዋል። ለየቲም የሚያዋጣ ሰው ለእርሱ ሲጠየቅ ፊቱን ያዞራል። «እንዲህ ያለውን ማሳደግ ዝሙትን ማበረታታት ነው» የሚልም አለ።

ለዚህ ንግግር መልስ እንስጥ። በሱረቱል አንዓም 164 ማንም የሌላውን ወንጀል እንደማይሸከም አላህ ወስኗል። የአንድ ቀን ልጅ ምን ሠርቷል? በሶሒሕ ሙስሊም የተዘገበችውን የጋሚድ ጎሳ ሴት ታሪክ ተመልከቱ። ወንጀሏን አምና ስትመጣ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) እስክትወልድ፣ ከዚያም ልጁ ጡት እስኪተው መለሷት። ልጁንም ለአንድ ሙስሊም እንዲያሳድገው ሰጡት። የእናቱ ጉዳይ የልጁን መብት አልነካም።

በፊቅህም ቢሆን የተጣለ ልጅ ለቂጥ ይባላል። ደረሳ ገና ሲጀምር በሚቀራው በአቡ ሹጃዕ መትን እንኳ ራሱን የቻለ ፈስል አለው። እርሱን ማንሳት ፈርድ ኪፋያ ነው፤ ማንም ካላነሳው መንደሩ በሙሉ ይወነጀላል። ሌላ ሰው ከሌለና ይሞታል ተብሎ ከተፈራ ባገኘው ሰው ላይ ግዴታ ይሆናል። በዑመር (ረ.ዐ) ዘመን አንድ ሰው የተጣለ ሕፃን ይዞ ሲመጣ ዑመር ልጁ ነፃ መሆኑን አውጀው ወጪው በሙስሊሞች ላይ መሆኑን ወስነዋል። ሐላፊነቱ የኡማው ነው።

ይህን የምንለው በባዶ አይደለም። ከገጠር ለሥራ መጥታ በአሠሪ ቤት የተደፈረች ልጅ አለች። ከዐረብ ሀገር ያረገዘችውን ይዛ ተመልሳ ወደ ቤተሰቧ መግባት ያቃታት እህት አለች። ልጇን የምትጥለው ጨካኝ ስለሆነች አይደለም፤ የሰፈሩን ምላስ ስለፈራች ነው። ልጁን ያስጣለው ያ ምላስ፣ ልጁ ሲገኝ ደግሞ ዞሮ «ዲቃላ» ይለዋል። አዲስ አበባ ውስጥ ተጥለው የተገኙ ሕፃናት ፖሊስ ከመዘገባቸው በኋላ እንደ ክበበ ፀሐይ ወዳሉ የመንግሥት ማሳደጊያዎች ይገባሉ። እዚያ ያሉት ሕፃናት የነማን ልጆች ናቸው? የኛ ሰፈር ልጆች ናቸው።

«ጉዲፈቻ ሐራም ነው» የሚለው ምክንያት

ይህ ምክንያት ብዙ በር ይዘጋል። ስለዚህ በትክክል እንለየው። ሐራም የተደረገው ልጁን ማሳደግ አይደለም። ሐራም የተደረገው የልጁን ዘር መደበቅና ለሌላ አባት መስጠት ነው። ዘይድ ኢብኑ ሓሪሣ (ረ.ዐ) ዘይድ ኢብኑ ሙሐመድ ይባል ነበር። ሱረቱል አሕዛብ ስትወርድ በአባቱ ስም መጠራት ጀመረ። ነገር ግን ከነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ልብ አልወጣም። የተለወጠው ስሙ ነው፤ ፍቅሩ አልተነካም። 5ኛዋ አንቀጽ አባታቸው የማይታወቁት በሃይማኖት ወንድሞቻችን እንደሆኑ ነው የምትነግረን።

«ካደገ በኋላ መሕረም ስለማይሆን ይከብዳል» ለሚሉም ሸሪዓ መውጫ አለው። ልጁ ሁለት ዓመት ሳይሞላው ከጠባ የጡት ዝምድና ይመሠረታል። በሻፊዒያ መዝሀብ አምስት ጊዜ መጥባት ይጠበቃል፤ በሐነፊያ ጥቂቱም ይበቃል። የምታሳድጊው ወንድ ልጅ ከሆነና ያንቺ እህት ካጠባችው አክስቱ ትሆኛለሽ። ሴት ልጅ ከሆነች የባልሽ እህት ብታጠባት ባልሽ አጎቷ ይሆናል። በሀገራችን «የጡት ልጅ» የሚባል ባህል ከድሮ ጀምሮ አለ፤ ነገሩ ለኛ እንግዳ አይደለም። ውርስን በተመለከተም ያሳደጉት ልጅ ወራሽ ባይሆንም በሕይወት እያሉ ስጦታ መስጠት፣ ሲሞቱም እስከ ሲሶ ወሲያ ማድረግ ይቻላል። ዝርዝሩን በየአካባቢያችሁ ያሉ ዑለማዎችን ጠይቁ። ስትጠይቁ ግን «እንዴት እናሳድገው?» ብላችሁ ጠይቁ። «ላለማሳደግ ምን ምክንያት አለ?» የሚል ጥያቄ አታቅርቡ።

ስለ ካሜራው

«ፎቶ ካልለጠፍን ሰው አያምነንም፣ ገንዘብ አይመጣም» ይባላል። ሰደቃን መግለጽ መልካም እንደሆነ፣ መደበቁ ግን እንደሚበልጥ በሱረቱል በቀራ 271 ተነግሯል ብሎ የሚከራከርም አለ። ልክ ነው። ነገር ግን አንቀጹ እንዲገለጽ የፈቀደው ሰደቃውን ነው። የድሃውን ፊት አይደለም። በዚያው ሱራ 264 ሰደቃ በመመጻደቅና በማስከፋት እንደሚበላሽ ተነግሯል። ያ ልጅ ነገ ትምህርት ቤት ይሄዳል። ጓደኞቹ ስልክ አላቸው። ዱቄት ተቀብሎ የቆመበትን ፎቶ ያዩታል። ሃያ ዓመት ሲሞላውም ፎቶው እዚያው አለ። ሱረቱ ዱሓ የቲምን እንዳናዋርድ ስትከለክል በእጅ መምታትን ብቻ አይደለም የከለከለችው።

መተማመን የሚመጣው በሒሳብ ነው። ስንት ገባ፣ ስንት ወጣ፣ ለስንት ቤተሰብ ኪራይ ተከፈለ፣ ስንት ልጅ ክፍል አለፈ የሚለውን በየሦስት ወሩ በመስጂዱ ሰሌዳ ላይ ለጥፉ። ደረሰኙን አሳዩ። የልጁን ፊት ተዉት።

ምን እናድርግ?

በየሰፈሩ ያላችሁ ወጣቶች ዛሬ መጀመር የምትችሉትን እንንገራችሁ።

አንደኛ፦ አሥር ሆናችሁ አንድ ቤት ያዙ። እያንዳንዳችሁ በወር 500 ብር ብታወጡ 5,000 ብር ይሆናል። ለአንዲት እናት ኪራይ ወይም ለልጆቿ ትምህርት ይውላል። ድርጅት ማቋቋም አያስፈልግም። የሚያስፈልገው አለመቋረጥ ነው። ረመዷን ሲወጣ የሚቆም ከሆነ አትጀምሩት።

ሁለተኛ፦ በየእድራችሁ አንድ አንቀጽ አስገቡ። የኤች አይ ቪ ወረርሽኝ በበረታበት ዘመን ወላጅ አልባ ልጆችን ለመርዳት ደንባቸውን ያሻሻሉ እድሮች ነበሩ። እድር ሬሳ ለመቅበር ብቻ የተፈጠረ አይደለም፤ ቀባሪ ያጣውን እንደሚያስታውስ አሳዳጊ ያጣውንም ማስታወስ ይችላል።

ሦስተኛ፦ ሰፈራችሁ ውስጥ አባት ሲሞት በለቅሶው ሰሞን ንብረቱ እንዲመዘገብ ግፊት አድርጉ። ሱቁ፣ ቤቱ፣ ዕዳው፣ ብድሩ ሦስት ምስክር ባለበት ይጻፍ። እናትየዋ ያላነበበችውን ውክልና እንዳትፈርም ማንበብ የምትችሉ እናንተ ከጎኗ ቁሙ። ጥል ከመጣም የሸሪዓ ፍርድ ቤት አለ። በአዋጅ ቁጥር 188/1992 የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶች ተከራካሪዎቹ ሲስማሙ የአሳዳጊነትና የውርስ ጉዳዮችን ያያሉ። አጎትየው እዚያ ለመቅረብ እምቢ ካለም መደበኛው ፍርድ ቤት ክፍት ነው።

አራተኛ፦ ልጅ የሌላችሁ፣ ወይም አንድ ተጨማሪ ልጅ የማሳደግ አቅም ያላችሁ ባለትዳሮች፣ ወደ ወረዳችሁ የሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ሂዱና የአደራ ቤተሰብ እንዴት እንደሚኮን ጠይቁ። ተጥሎ የተገኘ ልጅ ስታዩ መጀመሪያ ለፖሊስ አስመዝግቡ። በድብቅ ወስዶ ማሳደግ የልጁን ዘር ያጠፋል፤ ነገ እናቱ ብትፈልገው መንገድ ይዘጋባታል።

አምስተኛ፦ ምላሳችሁን ጠብቁ። «ዲቃላ» የሚለው ቃል ከቤታችሁ ይውጣ። አንዲት ያረገዘች ልጅ ይህ ቃል ከሰፈሩ እንደጠፋ ብታውቅ ኖሮ ሕፃኑን በር ላይ አትጥለውም ነበር።

በመጨረሻም ለኢማሞቻችንና ለመስጂድ ኮሚቴዎች እንዲህ እንላለን። ለሚናራ፣ ለምንጣፍና ለድምፅ ማጉያ በየጁሙዓው ይለመናል። አላህ ይቀበል። ከሦስቱ ጁሙዓ አንዱ ግን ለሰፈሩ የቲሞች ኪራይ ይሁን። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) መስጂድ ከመሥራታቸው በፊት የሁለት የቲሞችን ሒሳብ ከፍለዋል።

አላህ የየቲሞችን ሐቅ የምናደርስ ያድርገን። በላያቸው ላይ የተዘረጋውን እጅ ይሰብስብልን። እናቶቻቸውን ያጽናልን። በር ላይ ለሚገኙት ሕፃናት የሚከፈት በር ያብዛልን። አሚን።

ወላሁ አዕለም። ለሌሎችም እንዲደርስ አጋሩት፤ ከማጋራታችሁ በፊት ግን የጎረቤታችሁን የቲም ስም አስታውሱ።